የሲሃም ተራ

ከሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለውን ቦታ በክረምት ሜዳ ነው ለማለት አፍ አይደፍርም። ጭቃ ነው። ልጆቹን ግን ጭቃ ገድቧቸው አያውቅም። ቅዳሜ በጠዋት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው ግብ ይሠሩና፣ አሠልጣኛቸው ጋሽ ሙሄ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። እናቶቹ ደግሞ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ዳር ዳሩን በየድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ሲቀመጡ ነው እንግዲህ ጨዋታው የሚጀመረው።

«አንቺ የክርስቲያን እናት! ልጅሽ ኳስ ነው የሚጫወተው ወይስ የጠፋበት ነገር አለ? ቀና በል በይው እንጂ!» ትላለች የለታ እናት ደራርቱ፣ ክርስቲያን የሚባለውን ትንሽ ልጅ እያሳየች። ድምጿ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይሰማል።

«የሷው ለታ መጀመሪያ የጫማውን ማሰሪያ ይሰር በላት» ትላለች የክርስቲያን እናት ወደ ጋሽ ሙሄ ዞራ፣ ደራርቱ እንድትሰማ።

«ለታማ ባዶ እግሩንም ያገባል!»

እንዲህ ተሰዳድበው፣ እንዲህ ተሳስቀው፣ አንዷ የሌላዋን ነጠላ ተደርባ ቅዳሜን ያሳልፏታል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሲሃም ብቻዋን ወንበር ላይ ነበረች። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። ከሱቅ የሚያመጡላት ለእሷ ብቻ ነው። «የአናስ እናት፣ እዚህ ይቀመጡ፤ እዚያ ይረጥባል» ይሏታል። ዣንጥላም የሚይዝላት አይጠፋም። የእሷ አናስ በረኛ ነው፤ ኳስ በእግሮቹ መካከል ሾልካ ስትገባበት እንኳ ደራርቱ የተከፈተ አፏን መልሳ ትዘጋና «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ያጋጥማል» ትላለች። ለሌላ ልጅ ቢሆን ሰፈሩን ታናውጠው ነበር።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባል የለ? ሲሃም ግን ወርቅ እንደሆነች ከረመች። ወርቅ መሆን ደግሞ እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው! ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ያስቀምጥሃል እንጂ በአንተ የሚሠራብህ የለም። ያቺ ሴት በዚያ ወንበር ላይ ሆና የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። ከነዚህ ሴቶች አንዷ ዞራ፣ እንደ ባልንጀራ፣ እንደ ጎረቤት፣ አንድ ቀን እውነቷን ትጮህባት ዘንድ ነበር።

ሲሃም የሱዳኗ ኦምዱርማን ልጅ ናት። እዚያ በሰፈሯ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለልጆቹ ምግብ ታበስል ነበር። ደወል ሲደወል እንደ ንብ መንጋ የሚወርዱባትን ልጆች በአንድ ጭልፋ ጸጥ ታሰኛቸዋለች። የትኛው ልጅ ሽንኩርት እንደሚለቅም፣ የትኛው እንጀራ አባቱ ቤት አድሮ ሳይበላ እንደሚመጣ ፊቱን አይታ ታውቃለች። ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ድስቶቿም እዚያው ቀሩ። ባሏ አሮጊት እናቱን ጥሎ መውጣት አልሆንለት ብሎ ከሰላ ላይ ቀረ። እሷ አናስን ይዛ በመተማ ገባች፤ ቆይታም አዲስ አበባ ደረሰች። ባለፈው ጥቅምት ላይ የእማማ ተናኘን ሰርቪስ ቤት ተከራየች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አናስ አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ ነበር። ቀሚሷን ጨብጦ ከበር እስከ ቧንቧ፣ ከቧንቧ እስከ በር። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ሁለት ዓመት ሕፃን። ታዲያ አንድ ቀን ከውጭ ኳስ አጥሩን ዘላ ስትገባ አናስ አንድ እጁን አውጥቶ ከአየር ላይ ቀለባት። ወዲያው በቆርቆሮው በር አናት ላይ ሹሩባ የተሠራ ጭንቅላት ብቅ አለ። የጎረቤት ልጅ ቤዚ ናት፤ የቡድኑ ተከላካይ፣ የሰፈሩ ወሬ ነጋሪት።

«አንተ! በረኛ ነህ እንዴ?»

አናስ ምን እንደተባለ አልገባውም። ቤዚም መልስ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም፤ በሩን ዘላ ገብታ እጁን ይዛ ወሰደችው። ሲሃም በነጠላ ጫማ እየሮጠች ተከተለቻቸው። ሜዳው ዳር ደርሳ ቆመች፤ ልጇ በሁለት ድንጋዮች መካከል እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ይስቃል። በመተማ ያለፉት ድንበሩን ነበር። አገር የገቡት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ አናስ አማርኛን ከሜዳ እየለቀመ ወደ ቤት ያመጣ ጀመር። «አቀብል»፣ «ልቀቅ»፣ «ውጣበት»፣ «ሪጎሬ ነው!»። እናትየውም የምትማረው ከልጇ ስለሆነ አማርኛዋ ሁሉ የኳስ ሆነ። ጉሊት ሄዳ ቲማቲም ስትገዛ ሻጯን «ቶሎ አቀብዪ!» ትላታለች። አንድ ቀን ወደ ሀይሌ ጋርመንት ስትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሲጋፋት ረዳቱን «ውጣበት እንጂ!» ብላ ብታዝዘው ተሳፋሪው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ሳቅ መቼም ትርጉም አይፈልግም።

አሁን ወደ ተራው ነገር እንምጣ።

በዚያ ቡድን አንድ ወግ አለ። ከቅዳሜ ጨዋታ በኋላ ለልጆቹ የሚቀመስ ነገር በየተራ ይመጣል። ድንች የቀቀለችም፣ ንፍሮ የነፈረችም፣ ዳቦ የደፋችም እናት በተራዋ ታቀርባለች፤ ሌሎቹ ደግሞ «ንፍሮሽ አልበሰለም»፣ «ዳቦሽ ጥርስ ይሰብራል» እያሉ ይበሉላታል። ተራው ዞሮ ዞሮ ሲሃም ዘንድ ሲደርስ ይዘላታል። «የእርስዎን ይተዉት፣ እንግዳ ነዎት» ይሏታል። እሷ፣ ያን ያህል ልጅ በአንድ ድስት ስታበላ የኖረች ሴት!

በሐምሌ ማለቂያ ጋሽ ሙሄን ያዘችው። ጋሽ ሙሄ ሀይሌ ጋርመንት የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ፣ ሆደ ሰፊ፣ ምግብ ወዳድ የስልጤ ሰው ነው፤ ቤቱ ከእማማ ተናኘ አጥር ቀጥሎ ነው።

«ሙሄ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?»

«ኧረ አንቺ...»

«እንግዳ እንዳትለኝ! ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ራሱን አከከ፤ የእጇን ሙያ የሚያውቅ ሰው እንደመሆኑ ምራቁንም ዋጥ አደረገ። «እሺ፣ የፊታችን ቅዳሜ» አላት።

የፊታችን ቅዳሜ ማለት ነሐሴ ሦስት ነበር። ፍልሰታ ገብቷል። ፍልሰታ ደግሞ በዚህ አገር የልጆች ጾም ነው፤ ሁዳዴን የማይችል ሕፃን ሁሉ ፍልሰታን ይጾማል። ይህን ለሲሃም የነገራት የለም። ሲሃም የምታውቀው በረመዳን ጊዜ እማማ ተናኘም ሥጋ ትተው እንደነበር፣ ሁለቱም በአንድ ሰሞን ጾመው «አይዞሽ» «አይዞዎት» ሲባባሉ እንደከረሙ ነው። ከዚያ ኢድ ሆነ፣ ፋሲካም ሆነ፤ ጾም አለቀ። እንደ እሷ ሐሳብ የዓመቱ ጾም ተጠናቋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ተነሣች። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ያመጣችውን ሥጋ ፈጭታ፣ በቅመም አሽታ፣ ድቡልቡል አድርጋ በኦቾሎኒ መረቅ ጣለችው። ሽታው የእማማ ተናኘን ግቢ ሞልቶ፣ በአጥሩ ሾልኮ፣ እስከ ሜዳው ድረስ ቀደማት። ትልቁን ድስት በፎጣ አቅፋ ስትደርስ ልጆቹ አንድ ለባዶ አሸንፈው ጨርሰዋል፤ ጭቃቸውን እንደለበሱ በደስታ ይንከባለላሉ።

ድስቱን ከፈተችው።

እንፋሎቱ ወጣ። የልጆቹ አፍንጫ ሁሉ ወደ ድስቱ ዞረ፤ እግራቸው ግን ወደ ኋላ ሄደ።

«ኑ እንጂ! ብሉ!» አለች ሲሃም ጭልፋዋን አንሥታ።

«ጠግበናል» አለ ለታ እናቱን አይቶ።

«ጠግበናል» አሉ ሌሎቹ። ትንሹ ክርስቲያን «ጠ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቁርስ በልተው ስለመጡ ነው» አለች ደራርቱ መሬት መሬቱን እያየች። «እጅዎን ይባርከው። በጣም ያምራል። በጣም!»

የበሉት ጋሽ ሙሄና ሁለት ልጆቹ፣ ከነሱም ጋር አናስ ብቻ ናቸው። ጋሽ ሙሄ ነገሩን ላሳምር ብሎ የአሥር ልጅ ድርሻ በላ። ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወዲያ ፊሽካ ለመንፋት እንኳ ትንፋሽ አጣ። አንዱም ሰው ግን፣ እሱንም ጨምሮ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ የነገራት አልነበረም። በሰው ፊት እንዴት ይነገራታል! ታፍር የለም ወይ! ነገ እንነግራታለን፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን። ይሉኝታ ማለት ይህ ነው፤ ሰውን ከትንሽ እፍረት ለማዳን ብሎ ትልቅ ሐዘን ውስጥ መክተት።

ሲሃም ድስቷን ከድና፣ ገና እንደከበደ ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች። በመንገድ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ትመላለስባት ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሮጡ የቆዩ ልጆች ጠግበናል አሉ። በሃይማኖት የሚመስሏት በሉ፤ የቀሩት እጇን ተጸየፉ። ታዲያ ወንበሩም፣ ዣንጥላውም፣ «እርስዎ» «እርስዎ» ማለቱም ከሩቅ ለማስቀመጥ ኖሯል እንዴ?

«አናስ» አለች ቤት እንደገቡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ኳስ የለም።»

አናስ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ጓንቱን አልጋ ሥር ወረወረና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የዚያን ቀን ከናቱ ጋር የተነጋገረው በዐረብኛም አይደለም በአማርኛም አይደለም፤ በጀርባው ነው።

ሰኞ ጋሽ ሙሄ በሩን አንኳኳ። «አናስ ልምምድ አልመጣም፤ አመመው እንዴ?»

«አላመመውም» አለች ሲሃም በትሕትና ፈገግ ብላ። «ጠግቧል።»

«ምን ጠገበ?»

«ኳስ። በጣም ጠግቧል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ማክሰኞ ደራርቱ የክርስቲያንን እናት ልካ «ጠግቧል» ተባለች። ረቡዕ የክርስቲያን እናት ደራርቱን ልትልክ ብትል «እኔ ምን ብዬ? አንቺ ነሽ ቀስ ብለን እንነግራታለን ያልሽው!» ተባብለው ተጣሉ። ቅዳሜ ደግሞ ከብስራተ ገብርኤል ልጆች ጋር ትልቁ ጨዋታ አለ፤ በረኛ የለም። ለታን ግብ ላይ ቢሞክሩት ኳስ ስትመጣ ዞሮ የሚሮጥ ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ሲሃም ልብስ እያሰጣች ሳለ በቆርቆሮው በር አናት ላይ ያ ሹሩባ ብቅ አለ።

«የአናስ እናት፣ አናስን ጥሪልኝ።»

«አናስ ኳስ ጠግቧል፣ ቤዚ።»

«ኳስ አይጠገብም» አለች ቤዚ በሩ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጥጣ።

«እናንተስ? ሮጣችሁ ሮጣችሁ ጠገብን አላላችሁም?»

«እኔ አልጠገብኩም ነበር። በረሃብ ሞቼ ነበር! ክርስቲያንማ ቤት ገብቶ ነው ያለቀሰው።»

ሲሃም የያዘችውን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ተወችው። «ታዲያ ለምን አትበሉም?»

«ጾም ነዋ! ፍልሰታ!»

«ጾም? ጾማችሁ አልቆ ፋሲካን በላችሁ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ሁዳዴ ነው። ይሄ ሌላ ነው።»

«ስንት ጾም ነው ያላችሁ?»

ቤዚ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። አንዱ እጇ አልቆ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ተምታታባትና ተወችው። «ብዙ ነው» አለች። «ደሞ ጾም ባይሆንም አንበላውም። የእስላም ሥጋ ነው። የጋሽ ሙሄ ልጆችም የኛን አይበሉም፤ ሠርግ ላይ እንኳ የነሱ ለብቻው ነው የሚሠራው። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ!» አለች ሲሃም ደረቷን እየመታች። «እኔ አለሁ! ኦምዱርማን ጎረቤቶቼ ክርስቲያን ነበሩ፤ ከድስቴ ይበሉ ነበር። ማን ይንገረኝ?» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ጣቷን ወደ ትልቁ ቤት ቀሰረች። «እማማ ተናኘስ? እሳቸው ይበላሉ! በየጊዜው እልክላቸዋለሁ፣ ሳህኑን አጥበው ጣት ያስቆረጥማል ብለው ነው የሚመልሱልኝ!»

«አይበሉትም» አለች ቤዚ። «እኔ ነኝ በኋላ በር ለጋሽ ሙሄ የማደርሰው።»

ይህን ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ግን ቃሉ ወጥቷል።

ሲሃም መጀመሪያ ደሟ ፈላ። ያንን ሁሉ ሳህን! የተጨነቀችበትን፣ ሽንኩርቱን አድቅቃ፣ ለአሮጊት ጥርስ ይመቻል ብላ ሥጋውን ሁለት ጊዜ የፈጨችውን! ቀጥ ብላ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። እማማ ተናኘ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ይለቅማሉ።

«እማማ፣ የኔን ምግብ በልተው ያውቃሉ?»

እማማ ተናኘ ቀና አሉ። ከበሩ ላይ ልትወርድ የምትታገለውን ቤዚን አዩ። ገባቸው።

«አንቺ ምላሰ ረጅም» አሏት ቤዚን። ከዚያ ሰፌዳቸውን አስቀምጠው ወደ ሲሃም ዞሩ። «አልበላሁም፣ ልጄ።»

«ጣት ያስቆረጥማል አሉኝ!»

«ሙሄ ነው ያለው። እኔ መልእክቱን አደረስኩ።»

«ለምን? ለምን አልበላም አይሉኝም?»

«ሰው በእጁ ሠርቶ ያመጣውን አልበላም ይባላል እንዴ?»

«አዎ! ይባላል!» ሲሃም ድምጿ ከፍ አለ። በዚያ ግቢ ድምጿ ከፍ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ይባላል እማማ! እኔ ሰው አይደለሁም? አትላኪብኝ፣ አልበላም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም! አንድ ቃል ነው!»

እማማ ተናኘ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አፋቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ውሻዬ ትዝ ብሎኝ ነው።» እማማ ተናኘ በረንዳው ላይ ቦታ ለቀቁላት። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ እኮ። ከደብረ ማርቆስ ተድሬ ስመጣ እዚህ ሁሉ ማሳ ነው፤ ቤት ከቤት በጩኸት ነው የሚጠራራው። ቋንቋቸውን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አያውቁ። የደራርቱ አያት ሩኅሩኅ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ቅቤ የሚዋኝበት ጨጨብሳ ዓርብ ዓርብ ያመጡልኛል። ዓርብ ደግሞ እጾማለሁ። እምቢ አልል፣ አልበላ። ለውሻዬ ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሻው ወፈረ። ወፍሮ ወፍሮ መጮህ አቃተው። አንድ ቀን ሴትዮዋ መጥተው ሲያዩት ገባቸው። ዱላቸውን ይዘው ‹አንቺ! ውሻሽን ነው እንዴ የምቀልበው?› ብለው አሯሯጡኝ። ያን ዕለት ነው የተዋደድነው።»

ሲሃም ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች ደግሞ የሆዷን መደበቅ አልቻለችም።

«እማማ፣ እኔም የእርስዎን ቀይ ምስር አልበላሁም።»

እማማ ተናኘ ደነገጡ። «የኔን ምስር?»

«በርበሬው! አፌ ተቃጥሎ ጆሮዬ አልሰማ አለ። ከዚያ በኋላ ሲልኩልኝ ለቤዚ ነው የምሰጣት። በር ላይ ቆማ ነው የምትበላው።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ። ቤዚ የለችም። ከቆርቆሮው ማዶ የሩጫ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከሁለት ቤት እየበላች፣ ለሁለት ቤት እየተላከች፣ የዚያ ግቢ ሹም እሷ ኖራለች።

ሲሃም ያን ዕለት እዚያ በረንዳ ላይ አልቆየችም። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ቀጥታ ደራርቱ ቤት ሄደች። ደራርቱ ስታያት ተደናግጣ ሶፋውን ማራገፍ ጀመረች። «ይግቡ፣ ይግቡ፤ እዚህ ይቀመጡ፤ ለስላሳ ላስመጣ?»

«አልቀመጥም» አለች ሲሃም በሩ ላይ ቆማ። «ቅዳሜ ተራው ያንቺ ነው አይደል? ለኔ ስጪኝ።»

«ኧረ እርስዎ አይድከሙ...»

«ልደክም ነው የምፈልገው! የጾም ነው የማመጣው። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ዕንቁላል የለም። ዘይት ብቻ። አናስም ይጫወታል። አንድ ነገር ግን አለኝ፤ ከንግዲህ የሚዋሸኝ ሰው ካለ ጓንቱን አስወልቄ ነው የምወስደው።»

ደራርቱ የሶፋውን ጨርቅ እንደያዘች ቆመች። «ያን ዕለት ልንነግርዎት ፈልገን...» ብላ ጀመረች። ሲሃም ግን አልሰማቻትም፤ ወደ ጉሊት መንገድ ላይ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ሙሉ እናትና ልጅ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄደ። ሲሃም ከፊት፣ ትልቁ ድስት ጉልበቷ ላይ።

«ምንድን ነው የያዝሽው እማ?» አለ ረዳቱ አፍንጫውን እያሰገገ።

«ፉል።»

«ፉልማ የኛ ነው!»

«የናንተ?» ሲሃም ከነድስቱ ልትዞርበት ምንም አልቀራት። «ከኛ ነው የወሰዳችሁት! ፉል የሱዳን ነው!»

«እናቴ ከነአያቷ ፉል ስትበላ ነው ያደገችው!»

«ማን አስተማራት ታዲያ?»

ጋሽ ሙሄ ከኋላ ሆኖ «ተዉ፣ ይብቃ» ቢል ማንም የሰማው የለም። ብስራተ ገብርኤል እስኪደርሱ መኪናው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እማማ ተናኘ ሳይቀሩ፣ ኳስ አይተው የማያውቁት ሴትዮ፣ «እኔ ከሱዳን ጎን ነኝ» አሉ።

ጨዋታው ከባድ ነበር። የብስራተ ገብርኤል ልጆች ተልቅ ተልቅ ያሉ ናቸው፤ ሜዳቸውም ደረቅ ነው፤ የኛዎቹ ደግሞ ጭቃ ካልሆነ መሮጥ አያውቁበትም። አንድ ገባባቸው። ለታ አንድ መለሰ፤ ደራርቱ እስክትታፈን ድረስ እልል አለች፤ ሲሃምም አለች። የሲሃም እልልታ ከምላሷ ሥር እየተንከባለለ ረጅም ሄደ፤ እናቶቹ ዞረው አዩአት፤ እልልታ እሷ ዘንድም እንዳለ አላወቁም ነበር።

ሊያልቅ ሲል አንድ ልጅ ከሩቅ መታ። የምትያዝ ኳስ ናት፤ ዝግ ብላ፣ እንደ ሽማግሌ እየተንከባለለች ነው የመጣችው። አናስ ጎንበስ አለ። ኳሷ በእጆቹ መካከል አለፈች፤ በእግሮቹም መካከል አለፈች፤ ገባች።

የክርስቲያን እናት እንደ ልማዷ «አይዞ...» ብላ ጀመረች።

«አንተ አናስ!» አለች ደራርቱ ብድግ ብላ። ድምጿ የብስራተ ገብርኤልን ወፎች ከዛፍ አስነሣ። «እጅህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው? ሳምንት ሙሉ ጠግቧል ጠግቧል ሲሉህ ጊዜ ሰንፈህ ቀረህ አይደል!»

ሁሉም ወደ ሲሃም አየ።

ሲሃም ተነሣች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ያንቺ ተከላካዮች የት ነበሩ? ገበያ ሄደው?» አለቻት። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞራ፣ «አናስ! እውነቷን ነው! ጎንበስ በል፣ እግርህን ግጠም!» ብላ ጮኸች።

አናስ ከግቡ ሆኖ ሁለቱን ሴቶች አያቸው። አንገቱን ሰብሮ የነበረው ልጅ ቀና አለ። ቀጥሎ የመጣችውን ተወርውሮ አወጣት፤ ቢሆንም ጊዜው አለቀ። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

ተሸንፈውም በሉ። ሲሃም ድስቱን ስትከፍት ልጆቹ እንደ ንብ መንጋ ወረዱባት፤ ዳቦ በእጅ በእጃቸው፣ ፉል በሳህን በሳህኑ። ክርስቲያን ከፊት ነበር። የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው። እናቶቹም ቆርሰው ቆርሰው ቀመሱ። «እሰይ»፣ «እጅሽ ይባረክ»፣ «እንዴት ይጥማል» አሉ በየተራ።

ደራርቱ ግን ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ እንደገና ጎረሰች። ከዚያ ሲሃምን ትክ ብላ አየቻት።

«ሲሃም» አለቻት።

«ወዬ።»

«ጨው የለውም።»

የክርስቲያን እናት ደራርቱን በክርኗ ጎሸመቻት። ጋሽ ሙሄ ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እማማ ተናኘ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲሃም ዳቦ ቆርሳ ነክራ ቀመሰች። አላመጠች። ፊቷ መጀመሪያ እንደ መኮሳተር አለ፤ ከዚያ ከአገጯ ጀምሮ እስከ ግንባሯ ድረስ ፈካ።

«የለውም!» አለች። «እውነትሽን ነው! በችኮላ ረስቼው ነው! አቀብሉኝ፣ ጨው አቀብሉኝ!»

አንዷ ወደ ሱቅ ሮጠች። ጨው እስኪመጣ ድረስ ግን የሌሎቹም አፍ ተከፈተ። አንዷ ዘይቱ በዝቷል አለች፤ ሌላዋ ቃሪያ ያንሰዋል አለች፤ የክርስቲያን እናት ሳይቀር ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔስ ባቄላው ትንሽ ቢደቅ...» አለች። እማማ ተናኘ በበኩላቸው በርበሬ ጣል ቢደረግበት ኖሮ ሰው የሚያስነሣ ነበር አሉ።

«በርበሬ?» ሲሃም ጭልፋዋን ወደ ሰማይ አነሣች። «በፉል ላይ በርበሬ? እማማ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ የእርስዎን ምስር እኔ አውቀዋለሁ! አንቺ ደሞ፣ ዘይቱ አልበዛም፤ ያንቺ ዳቦ ነው ደርቆ የማይጠጣው! ባቄላው ይድቅ ያልሽው ማን ነሽ? ጥርስ የለሽም?»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ልጆቹ ተሳፈሩ። አናስ ጓንቱን ብብቱ ሥር ይዞ የእናቱን ቀሚስ ጎተተ።

«እማ፣ መኪናው ሊሄድ ነው።»

«ይሂድ» አለች ሲሃም ሳትዞር፣ ጭልፋዋ ደራርቱ አፍንጫ ሥር። «ይቺ ሴትዮ ስለ ፉል ምን እንደምታውቅ መጀመሪያ ትንገረኝ።»